ቢና የምትባል ሴት አላውቅም

የዘረፈንን ሰውዬ ፊቱን አይቼው አላውቅም። አይቼው ቢሆን ኖሮ ይሄን የማወራችሁ ከእስር ቤት ሆኜ ነበር። እናቴ ግን ድምፁን ሰምታዋለች። ሰምታም ዝም አላለች፤ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ ሲቢ!" ብላ ለእኔው ለልጇ አወድሳዋለች። ጨዋ! ጨዋነቱን ገደል ይክተተውና!

ደሴታችን ላይ ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው የወረቀት ስም ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለግብር፣ ለሐኪም የምንሰጠው። ሁለተኛው የቅርጫት ስም ነው፤ ልጁ ገና ቅርጫት ውስጥ ተጠቅልሎ ሳለ ወጥቶለት ዕድሜውን ሙሉ የሚጠራበት። የእኔ መንጃ ፈቃድ ላይ ቨርኔል ጋድሰን ተብሎ ተጽፏል። ቨርኔል ብለው የሚጠሩኝ ግን ትራፊክ ፖሊስና ባንክ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም በደህና ጠርተውኝ አያውቁም። ሲቢ ያለኝ ሰው ዘመዴ ነው። በቅርጫት ስምህ የጠራህ ሰው ይታመናል፤ ወንበር ይሳብለታል፣ ሩዝ ይወጣለታል። ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም።

እናቴ በወረቀት ኧርነስቲን ጋድሰን ናት። በሰው አፍ ግን ቢና ናት። ቤተ ክርስቲያን እናት ቢና፣ አጥማጆቹ በሚሸጡበት ሽሪምፕ ተራ እማማ ቢና ይሏታል፤ አባቴም እስከሞተባት ቀን ድረስ ቢኒዬ ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ አክስት ኩምባ ናት። ያኔ እሷም ራሷ ልጅ ነበረች፤ ቅርጫቱ ላይ አጎንብሳ "ይቺ ቢና ናት" አለች አሉ፤ ትልልቆቹም "እንግዲህ አንዴ ካልሽ" ብለው አጸደቁት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ተለያይተው አያውቁም። አንዷ ከመንገዱ ወዲህ፣ አንዷ ከመንገዱ ወዲያ ሆነው አረጁ። አክስት ኩምባን ስኳር በሽታ ዓይኗን ወስዶባታል፤ ምላሷን ግን ሊነካው አልደፈረም።

መስከረም ላይ የመጣው ማዕበል የቤታችንን ጣሪያ ገልጦ ረግረጉ ውስጥ ወረወረው። እናቴ በማግስቱ ኩሬ በሆነው ወጥ ቤቷ ውስጥ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ድልድዩን አሻግረን ዋናው መሬት ላይ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድናት። አጥንቷን ሲያዩ ልቧን አዩ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ጫማውን እያየ "እኛ ዘንድ የሚጨመርላት ነገር የለም፤ የምትወደው ቦታ ብትወስጃት ይሻላል" አለኝ። ሐኪሞች እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ለእኔ ይባላል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

"የት መሆን ትፈልጊያለሽ እማዬ?" አልኳት።

"ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?" አለች። "በረንዳዬ ላይ ኩምባ ጎን ቁጭ ልበል። ከዚያ በኋላ ጌታ ያሻውን ያድርግ።"

ሌላ ምንም አልፈለገችም። ቤት ለቤት እየሄደች በሞት አፋፍ ያሉ ሰዎችን የምታስታምመው ነርስ ግን ቤታችንን መጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ በሽተኛ አላስገባም አለች። ሰማያዊ ላስቲክ ወጥረንበታል ብላት ላስቲክ ጣሪያ አይደለም አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የአክስት ኩምባ ቤት እንዳንወስዳት በሩ ጠባብ ነው፤ የሆስፒታል አልጋ አያስገባም። እኔም ከማዕበሉ ወዲህ ዋናው መሬት ላይ የአጎቴ ልጅ ሶፋ ላይ ነው የማድረው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ የሰው ልጆች በየቤታቸው እያደረስኩ እናቴን ቤቷ ማድረስ አቃተኝ።

ለማዕበል ተጎጂ ጣሪያ የሚሠራ የመንግሥት እርዳታ ነበር። መርማሪው መጣ፣ ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ "በአንደኛው ዙር ትገባላችሁ" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ።

"ወይዘሮ ጋድሰን፣ ቤታችሁ ላይ የተመዘገበ ውል ስላለ ማመልከቻችሁ ታግዷል።"

"የምን ውል?"

"የሽያጭ አገልግሎት ውል። በዚህ ወር መጨረሻ ዙሩ ይዘጋል። እስከዚያ ካላነሳችሁት ወደሚቀጥለው ዓመት ትተላለፋላችሁ።"

"የሚቀጥለው ዓመት" የሚለውን ቃል እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

የቤትና የመሬት ሰነድ ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄጄ ቅጂውን አወጣሁ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት፤ ያነበብኩትን ማመን አቅቶኝ እንደገና አነበብኩት። ቤቱን ለአርባ ዓመት ሌላ ደላላ እንዳይሸጠው ይላል። አርባ ዓመት! እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። በሌላ ከተሸጠ፣ ከተሰጠ፣ ከተወረሰ ውሉን ላስፈረመው የደላላ ኩባንያ ከዋጋው ላይ ይቆረጥለታል ይላል። ባለቤቷ ብትሞት ውሉ ወራሾቿን ይዞ ይቀጥላል ይላል። ማለትም እኔን። ታች ላይ የማውቀው የተንቀጠቀጠ እጅ ጽሕፈት አለ፤ ቢና ጋድሰን።

እየነዳሁ ወደ ሆስፒታል ስሄድ መንገዱን አላየሁትም።

"እማዬ፣ ቢና ብለሽ የፈረምሽው ምንድን ነው?"

"ምን?"

"ወረቀት ነዋ! ባለፈው የፋሲካ ሰሞን! ቤቱን ለአርባ ዓመት ያሰርሽበት!"

"አትጩኺብኝ፣ እዚህ የታመመ ሰው አለ" አለችኝ፤ እሷው ናት የታመመችው። ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ። "እ! የዚያ ልጅ ወረቀት! አባትሽን በቀበርን ሰሞን የደወለው። 'እማማ ቢና፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው' አለኝ። እማማ ቢና ነው ያለኝ፣ ሰማሽ? የማን ልጅ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ከዚያኛው ደሴት የሚመጣ ዘመድ መሰለኝ፤ ልጠይቀው ደግሞ አፈርኩ።"

አባቴ ሲሞት ጋዜጣው ላይ "ባለቤቱን ቢናን ትቶ" የሚል ወጥቶ ነበር። ማር ምላሱ ሰውዬ የሟች ማስታወቂያ እያነበበ ነው የሚያድነው። አሞራም እኮ በድን እስኪሆን ይታገሳል፣ እሱ የእንባውን ጨው ነው የተከተለው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ 'አንድ ቀን ቤትዎን መሸጥ ቢያስቡ እኛን ያስታውሱ፣ ለቃልዎ ትንሽ ምስጋና እንልካለን' አለኝ። አልሸጥም አልኩት። 'ካልሸጡማ ምንም ግዴታ የለብዎትም' አለ። ታዲያ ምን አለበት? በበነጋው አንዲት ፊርማ የምታረጋግጥ፣ ማኅተም የያዘች ሴትዮ መጣች። ወረቀቱን መኪናዋ ኮፈን ላይ ዘርግታ ይፈርሙ አለችኝ። 'ምን ብዬ ልፈርም?' ብላት 'ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራዎት?' አለችኝ። እኔም ሰው የሚጠራኝን ጻፍኩ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "በላኩልኝ ገንዘብ የአባትሽን የመቃብር ድንጋይ አስቀረጽኩበት" አለች።

ልቆጣት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። የመቃብሩን ድንጋይ ስትል ዋጥኩት።

ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ከሙዚቃው በኋላ አንዷ በጣም ትሑት ሆና ውሉ የሚነሳው የሽያጩ ድርሻቸው ከተከፈላቸው ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። "ያልተሸጠ ቤት ምን ድርሻ አለው?" ብላት "በግምቱ ነው የሚሰላው፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ" አለች። እኔም መልካም ቀን እንዳይሆንላት በደንብ አድርጌ ነገርኳትና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ መኪና ውስጥ መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በነጻ የሚቆሙ ጠበቆች ቢሮ ያገኘኋት ኮርትኒ የምትባል ልጅ ናት። ከተማ ያደገች፣ ቀጭን፣ ጫማዋ አሸዋ ነክቶት የማያውቅ፤ ልቧ ግን ደግ። ውሉን ገና ስታየው "እነዚህ ሰዎች!" ብላ ጠረጴዛውን መታች። ወደድኳት።

"ስሚኝ ቨርኔል፣" አለች፣ "ግዛታችን ይሄንን የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። መኖሪያ ቤት ላይ እንዲህ ያለ የአገልግሎት ውል መመዝገብ አይቻልም። ወራሽ ላይ የሚተላለፍ፣ ቤቱን እንደ ዕዳ የሚይዝ ውል ቢመጣ መዝጋቢው መመለስ አለበት። ሾልኮ ቢመዘገብ እንኳ ዋጋ የለውም።"

ከወንበሬ ተነሳሁ። "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!"

"ቆይ፣ ቁጭ በይ።" ብዕሯን ታሽከረክር ጀመር። "ሕጉ የጸናው ሐምሌ ላይ ነው። የእናትሽ የተመዘገበው ደግሞ በፋሲካ ሰሞን ነው። ከሕጉ በፊት የተመዘገቡትን ለማሰረዝ ኩባንያውን መክሰስ ያስፈልጋል። እናሸንፋለን ብዬ አምናለሁ።"

"መቼ?"

"ፍርድ ቤቱ ወረፋ አለው። ምናልባት በሚቀጥለው..."

"እንዳትዪው!" አልኳት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ሕጉን ላወጡት ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ የጎረቤቶቼን ቤት አድነዋል። የእኛ ጊዜ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ የዘጉት ሌባው ገብቶ ከወጣ በኋላ ነው። በጥቂት ወር! እናቴ ያንን ስልክ ዘግይታ ብታነሳው፣ ያቺ ባለማኅተም ጎማዋ ቢተነፍስ፣ ዛሬ ስለ ሕጉ በጋዜጣ አንብቤ ገጹን እገልጥ ነበር።

ኮርትኒ ውሉን ከቤቱ የባለቤትነት ወረቀት ጎን አድርጋ እያስተያየች ቆየች። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች።

"የቤቱ ባለቤት ኧርነስቲን ናት። የፈረመችው ቢና ናት። ቢና ማን ናት፣ እህትሽ ናት?"

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ልጅቷ የከተማ ልጅ ናት፤ አታውቅም።

"ለምን ጠየቅሽ?" አልኩ።

"ምክንያቱም የፈረመችው ሌላ ሴት ከሆነች የሕጉ ቀን ጭራሽ አያስፈልገንም። ባለቤቷ ያልፈረመችው ውል ባለቤቷን አያስርም። እናትሽ ዳኛ ፊት 'ፊርማው የእኔ አይደለም' ብላ ብትምል በዚያው ቀን ይሰረዛል። ሆስፒታል ሆና በስክሪን መቅረብ ትችላለች፤ አስቸኳይ ነው ብዬ ቀጠሮ አገኛለሁ።"

"ማመልከቻውን አስገቢ" አልኩ። ቢና ማን እንደሆነች አልመለስኩላትም። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ገብቷት ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

አሁን ደግሞ እናቴን ማሳመን ነው። ይቺ ሴት በሕይወቷ ስትምል ሰምቻት አላውቅም። ልጅ ሆኜ "ሙች" ብዬ አፌን በሳሙና አጥባኛለች። የቤተ ክርስቲያን እናት ናት፤ እሁድ እሁድ ነጭ ለብሳ ከፊት የምትቀመጥ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳት።

"አላውቃትም በይ ነው የምትዪኝ?"

"አዎ እማዬ።"

"ጴጥሮስም እንዲሁ ነው ያለው። 'አላውቀውም' ነው ያለው።"

"ጴጥሮስ ጣሪያ ነበረው!" ብዬ ጮኽኩባት።

መጋረጃው ወዲያ ያሉት አሮጊት ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

"እውነቱን ብናገርስ? ሰውዬው አታለለኝ ብል?"

"ይሰሙሻል። ያዝኑልሻል። ከዚያ ቀጠሮ ይሰጡሻል።"

"ጥሩ ዳኛ ከሆነች..."

"እማዬ፣ ጊዜ የለሽም!" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። እስከዚያ ቀን በመሃላችን ማናችንም ያላልነው ቃል ነበር። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ደፍቼ "እዚህ እንዳትሞቺብኝ፣ እባክሽ፣ በእናትነትሽ፣ ከነዚህ ከሚጮኹ ማሽኖች መሃል እንዳትሞቺብኝ" እያልኩ ለመንኳት። አምሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ሁለት የልጅ ልጅ አለኝ፤ ምንም አላሳፈረኝም። ፀጉሬን ስትዳብስ እጇ ብርድ ብርድ ይላል።

"ለኩምባ ደውዪልኝ" አለችኝ።

ደወልኩና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። አክስት ኩምባ ስልክ ላይ ስታወራ ስልክ ባይኖርም ዋናው መሬት ድረስ ትሰማለች።

"ቢና! አንቺ ሰነፍ፣ አሁንም ተኝተሻል? ኦይስተሩ እኮ ዛጎሉ ውስጥ ወፍሯል! በቃ ሰው አብስሎ ያበላሽ ብለሽ ለመድሽ አይደል?"

"ለመድኩ" አለች እናቴ። "ኩምባ..."

"ምን?"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።"

"ጠይቂኛ! አፍሽን ማን ያዘው?"

እናቴ ዓይኗን የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ተከለች። ነጭ፣ ደህና፣ ምንም የማያፈስ ጣሪያ ነው። "ደጄ ላይ ያለው ባሚያ አፈራ ወይ?" አለች።

"ማዕበሉ ጠራርጎታል፣ የምን ባሚያ ነው! ነይ ብቻ አንቺ። ወንበርሽን ከረግረጉ አስወጥቼ አሳጥቤዋለሁ። ብቻዬን ተቀምጬ የማን ሐሜት ልስማ?"

ስልኩን ከጆሮዋ ሳነሳ ጉንጭዋ ርሷል። "ቀጠሮው መቼ ነው ያልሽኝ?" አለች።

በቀጠሮው ጠዋት ኮርትኒ ስክሪኑን ከአልጋው መመገቢያ ላይ አቆመችው። ነርሷ መጽሐፍ ቅዱሱን ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችላት። ስክሪኑ ውስጥ ዳኛዋ አለች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች ጠቆር ያለች ሴት፤ በሌላኛው ጥግ ደግሞ የኩባንያው ጠበቃ፣ ክራቫቱ ጠብቆ ያነቀው ልጅ። እኔ እግርጌዋ ቆሜአለሁ።

እናቴ እጇን መጽሐፉ ላይ ጭና ማለች።

"ወይዘሮ ኧርነስቲን ጋድሰን፣" አለች ዳኛዋ በቀስታ፣ "ይህን ፊርማ ይመልከቱት። የእርስዎ ነው?"

እናቴ የራሷን እጅ ጽሕፈት አየችው። እኔን አላየችኝም።

"አይደለም።"

"ቢና ጋድሰን የምትባል ሴት ያውቃሉ?"

አትመልስ እያልኩ ነው የምጸልየው ወይስ ትመልስ እያልኩ፣ አላውቅም።

"ቢና የምትባል ሴት አላውቅም" አለች እናቴ።

የኩባንያው ልጅ ጉሮሮውን ጠራረገ። "በሌላ ስም ይጠራሉ? በቤት ስም፣ በቁልምጫ?"

"ኧርነስቲን ነው ስሜ። ሌላ ስም የለኝም።"

ዳኛዋ ወዲያው አልጻፈችም። እናቴን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። አነጋገሯን ሳዳምጥ ነበርና ከደሴት ሰው ልጆች አንዷ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ጠርጥሬአለሁ። እሷም ፍርድ ቤት የማታወጣው የቅርጫት ስም ያላት መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗን ሰበረችና "ፊርማው የቤቱ ባለቤት ስላልሆነ ውሉ ከመዝገብ ይሰረዝ" አለች።

ኮርትኒ አቀፈችኝ። እኔ ስስቅም ሳለቅስም ነበር። እናቴ እጇን ከመጽሐፉ ላይ አነሳችና ብርድ ልብሱ ሥር ደበቀችው።

ጣሪያው በፍጥነት ተሠራ። እንዴት ደስ ይላል! አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ሲያበራ ድልድዩ ላይ ሆኖ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ወንዶች መወጣጫውን ጠግነው ለአልጋው መንገድ አወጡ፤ ሴቶቹ ቀይ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ይዘው በረንዳውን ሞሉት። አምቡላንሱ ሲቆም መዝሙር ተነሳ። እነዚያ ሁሉ ሴቶች "እናት ቢና! እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! ቢና!" እያሉ እጃቸውን ዘረጉላት።

እናቴ ዘወር ብላ እኔን "ማንን ነው የሚጠሩት?" አለችኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ፊቷን ሳየው ሳቄን ተውኩት።

ሰዉ ሲበታተን፣ ትራሷን እያስተካከልኩላት "ምነው እማዬ፣ ሰዉን አስቀየምሽው እኮ" አልኳት።

"ምዬአለሁ ሲቢ። እጄን መጽሐፉ ላይ ጭኜ ምዬአለሁ። ቢና ሲሉኝ አቤት ካልኩ ያልኩት ውሸት ሆኖ ይቀራል። አቤት ካላልኩ ግን እውነት ይሆናል።" በጣም ደክሟት ስለነበር ቃሉን አንድ በአንድ ነው ያወጣችው። "ኧርነስቲን በሉኝ ብለሽ ንገሪልኝ።"

"ዳኛዋ እኮ አትሰማሽም! ዳኛዋ ወንዝ ማዶ ናት!"

"ዳኛዋን መች ፈራሁ።"

ፓስተሩን አመጣሁባት። ተንበርክኮ እጇን ይዞ "እናት፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል፣ ለምን እንዳደረግሽው ይገባዋል" አላት።

"አዎ፣ እሱማ ይገባዋል" አለችው። "ለዚህ እኮ ነው የምጠነቀቀው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ ኧርነስቲን ሆነች። የሽሪምፕ ተራ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀው "ወይዘሮ ኧርነስቲን" ሲሉ አንደበታቸው ይተሳሰራል። ጥቂት ቆይተው ይሄዳሉ። ከባንክ የመጣች እንግዳ ያህል ነው የሚፈሯት። እኔ እማዬ ስለምላት ከሁሉ ተረፍኩ። ሌላ የምጠራት ስም ቢኖረኝ ኖሮ እኔም አጣት ነበር።

የቀረችው አክስት ኩምባ ናት። እናቴ የገባች ቀን ጉንፋን ይዟት ከአልጋ አልተነሳችም፤ በሽታዬን ይዤባት አልሄድም ብላ ሲሻላት ጠበቀች። እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ። መንገዱን ተሻግሬ በሯ ድረስ ሄጄ፣ ወሬ ሳወራ ቆይቼ፣ ሳልነግራት ተመለስኩ። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በትሯን ይዛ ራሷ መጣች። እናቴን በረንዳው ላይ አውጥተን ትራስ ደግፈን አስቀምጠናታል። አክስት ኩምባ ከመንገዱ መሃል ጀምራ "ቢና! ቢና፣ መጣሁልሽ! አንቺ ከሃዲ፣ ይሄን ያህል ታስጠብቂኛለሽ?" እያለች ነው የምትመጣው። እናቴ የወንበሩን እጀታ ሁለት እጅ አድርጋ ጨበጠችው።

አክስት ኩምባ ደረጃውን ወጣች። "ቢና?"

እናቴ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አጣበቀች።

"ቢና! የለችም እንዴ? ሲቢ፣ እናትሽ ውስጥ ናት?"

"እማዬ፣" አልኩ በሹክሹክታ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ። በፈጠረሽ፣ አንዴ ብቻ አቤት በያት።"

እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

ያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ ለአክስት ኩምባ ነገርኳት። ቆማ ነው ያዳመጠችኝ። ስለ ስልኩ፣ ስለ ባለማኅተሟ ሴትዮ፣ ዘግይቶ ስለመጣው ሕግ፣ እናቴ ስለማለችው መሐላ። በመሃል አንድም ቃል አልጣለችም፤ እሷ! ስጨርስ በበትሯ እየፈለገች ወደ ወንበሩ ቀረበች፣ ከጎኑ ያለውን የራሷን ወንበር አገኘች፣ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ የእናቴን ፊት ነካች። ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ የረጠበውን ጉንጭዋን በጣቶቿ ቀስ ብላ ዳሰሰች።

ከዚያ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችና ቀና ብላ ተቀመጠች።

"እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ኧርነስቲን" አለቻት። "እኔ ኩምባ እባላለሁ። እህቴ ቢና ስትመለስ ኩምባ መጥታ ነበር ይበሉልኝ።"

እናቴ ጉንጭዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"እሺ" አለች። "እነግርልዎታለሁ።"